«ከማን ወገን መጣ?»



ከሁለት ወር በፊት በጎጃም በረንዳ እኛ በምንኖርበት ግቢ አንድ ወንድ ልጅ ተወለደ። ሁለቱም እግሮቹ ወደ ውስጥ የታጠፉ፣ ውስጥ እግሮቹም እርስ በርሳቸው የሚተያዩ ነበሩ። እልልታው ሳያልቅ ክርክር ተነሣ። የአባቱ እናት «በእኛ ዘር ቆልማማ የለም» አሉ፤ የእናቲቱ ወገኖችም እስከ ሰባት ቤት ቆጥረው ያንኑ መለሱ። አራሷ ግን እናቴ የላከችላትን አጥሚት ሳደርስላት «አንተ ትምህርት ቤት ትውላለህ፤ እውነት ከእኔ ነው የመጣው?» ብላ ጠየቀችኝ። ያን ጊዜ መልስ አልነበረኝም። አሁን ስላለኝ እጽፋለሁ።

እንዲህ ሆኖ የሚወለደው ሕፃን ከ1,000 አንድ ያህል ነው፤ ወንዶቹ የሴቶቹን እጥፍ ይሆናሉ። ዘር በነገሩ አለበት ወይ ቢሉ፣ አዎን አለበት። እ.ኤ.አ. በ2008 ዓ.ም. ይህ ዓይነት እግር ከትውልድ ወደ ትውልድ ሲወርድበት በኖረ በአንድ የአሜሪካ ቤተሰብ ላይ ሊቃውንት ፒትኤክስ1 በሚባለው ዘረ መል ውስጥ ለውጥ አግኝተዋል። ይህ ዘረ መል በፅንስ ጊዜ የእግርን አሠራር ከሚመሩት አንዱ ነው። ነገር ግን የዘር ብቻ ቢሆን ኖሮ፣ ፍጹም ከሚመሳሰሉ መንትዮች አንዱ ቆልማማ ሲሆን ሌላውም ሁልጊዜ በሆነ ነበር፤ የሚሆነው ግን ከሦስት አንድ ጊዜ ያህል ነው። ደግሞም አብዛኞቹ ሕፃናት፣ ዘመድ አዝማድ ቢቆጠር፣ አምሳያ የሌላቸው ናቸው። ብዙ ዘረ መሎች ከአባትም ከእናትም ተዋጥተው፣ ሌላም ምክንያት ታክሎበት የሚመጣ ነው የሚባለው ስለዚህ ነው። እንግዲህ «ከማን ወገን?» የሚለው ጥያቄ ራሱ የተሳሳተ ይመስለኛል።

በእኛ ዘንድ «ዘር» የሚለው ቃል ጋብቻ ያፈርሳል። (ሽማግሌ ሲላክባቸው «ዘሩ ምንድን ነው?» ሳይሉ ልጅ የሚሰጡ ስንቶች ናቸው?) ስለዚህ «በዘር ነው» ብሎ ተናግሮ በዚያው የሚያቆም አዋቂ፣ ጨርሶ ካልተናገረው የባሰ ይጎዳል ባይ ነኝ። የሚቃና መሆኑንም አስከትሎ መናገር አለበት። የስፔን ተወላጁ ሐኪም ኢግናሲዮ ፖንሴቲ በአሜሪካ አገር በአዮዋ ባወጡት ዘዴ፣ እግሩ በየሳምንቱ በእጅ እየተቃና ጀሶ ይደረግለታል፤ ጀሶው አምስት ስድስት ጊዜ ከተለወጠ በኋላ አብዛኛውን ጊዜ የተረከዙ ጅማት በጠባብ ብጥ ተቆርጦ ይለቀቃል፤ ከዚያም ልጁ በብረት ዘንግ የተያያዘ ጫማ እስከ 4 ዓመት ገደማ ይጫማል፤ ይኸውም ከመጀመሪያዎቹ ወራት በኋላ በመኝታ ሰዓት ብቻ ነው። እዚሁ አዲስ አበባ ኪዩር የሕፃናት ሆስፒታል ይህን ያክማል።

የግቢያችን ልጅ አራተኛ ጀሶውን አስሯል። በየሳምንቱ አቅፈው የሚወስዱት አያቱ ናቸው፤ ክርክሩን ግን ገና አልተዉም።