ከትልቁ ሣጥን በፊት ሁለተኛው ቅጂ

አንድ መሥሪያ ቤት ሥራውን በአራትና በአምስት ሠራተኞች ሲጀምር የመረጃ አያያዝ ጉዳይ እምብዛም አያሳስበውም። እያንዳንዱ ሠራተኛ ፋይሉን በራሱ ኮምፒዩተር ያኖራል፤ ባልደረባው ሲፈልገው በፍላሽ ያቀብለዋል። የሠራተኛው ቁጥር ሃያና ሠላሳ ሲደርስ ግን ይህ አሠራር ይፈርሳል። የአንድ ሰነድ አምስት የተለያዩ ቅጂዎች በአምስት ኮምፒዩተሮች ላይ ይገኛሉ፤ የትኛው የመጨረሻው እንደሆነ የሚያውቅ ይጠፋል፤ ቫይረሱም ከፍላሽ ወደ ፍላሽ ይዘዋወራል። በዚህን ጊዜ «አንድ የጋራ ማከማቻ ይገዛልን» የሚል ሐሳብ ይቀርባል። ሐሳቡ ትክክል ነው። ነገር ግን ቀጥሎ የሚነሣው የመጀመሪያ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ «ስንት ቴራባይት ይይዛል?» የሚል ነው። በእኔ እምነት አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «በውስጡ ያለው ሁሉ ነገ ጠዋት ቢጠፋ ምን እናደርጋለን?» የሚለው ነው።

የኔትወርክ ማከማቻ የምንለው መሣሪያ ሁለት፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሃርድ ዲስኮች የያዘ፣ የራሱ ስክሪንና ኪቦርድ የሌለው ትንሽ ኮምፒዩተር ነው። ከመሥሪያ ቤቱ ስዊች ጋር በኬብል ይያያዛል፤ ሠራተኞችም እንደየሥልጣናቸው ፋይል ያነቡበታል፣ ይጽፉበታል። ሻጮች ዘወትር የሚያሞግሱለት አንድ ችሎታ አለው። ይኸውም አንዱ ዲስክ ቢበላሽ ሥራው ሳይቋረጥ መቀጠሉ ነው። ይህ ዘዴ ሬይድ የሚባለው ሲሆን፣ ስያሜውን ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1988 ዴቪድ ፓተርሰን፣ ጋርዝ ጊብሰንና ራንዲ ካትዝ የተባሉ የበርክሊ ተመራማሪዎች ባቀረቡት ጽሑፍ ነው።

ከሬይድ ዓይነቶች አንዱ የሚሠራበት መንገድ ለማንኛውም የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ግልጽ ነው። በሦስት ዲስኮች ላይ 1፣ 0፣ 1 ተጽፏል እንበል። በአራተኛው ቦታ ላይ የአንዶቹን ብዛት ተጋማሽ የሚያደርገው ቢት ይጻፋል፤ በዚህ ምሳሌ 0 ማለት ነው። ሁለተኛው ዲስክ ቢቃጠል የቀሩት 1፣ 1 እና 0 ናቸው። የአንዶቹ ብዛት ተጋማሽ መሆን ስላለበት የጠፋው ቢት 0 እንደነበረ ያለ ጥርጥር ይታወቃል። በዚህ ዘዴ እያንዳንዳቸው 4 ቴራባይት የሆኑ አራት ዲስኮች 12 ቴራባይት ይይዛሉ፤ ለጥበቃው የሚከፈለው የአንድ ዲስክ ቦታ ብቻ ነው።

ስሌቱ ያማረ ነው። ስሕተቱ የሚጀምረው ይህን ጥበቃ ከመጠባበቂያ ቅጂ ጋር ስናምታታው ነው። አንድ ሠራተኛ በስሕተት የሰረዘው ፋይል በዚያው ቅጽበት ከሁሉም ዲስኮች ይሰረዛል። ፋይሎችን ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቅ ቫይረስ ሲገባ ሬይድ የተቆለፈውን ፋይል በታማኝነት ይጠብቃል እንጂ ቀድሞ የነበረውን አይመልስም። ሌባና እሳት ደግሞ ሣጥኑን በሙሉ ይወስዱታል።

በዚህ ላይ የፕሮባቢሊቲ ስሕተት ይጨመራል። የሁለት ዲስኮች በአንድነት መበላሸት እጅግ የማይመስል ነገር ነው የሚሉ ሰዎች የሁለቱን ፕሮባቢሊቲ እርስ በርስ አባዝተው ነው። ማባዛት የሚቻለው ግን ሁለቱ ክስተቶች የማይገናኙ ሲሆኑ ነው። የእኛ ዲስኮች በአንድ ቀን፣ ከአንድ ሱቅ የተገዙ፣ በአንድ ሣጥን ውስጥ አንድ ዓይነት ሙቀት የሚሞቁና መብራት በጠፋና በመጣ ቁጥር በአንድነት የሚደነግጡ ናቸው። ከዚህም ሌላ፣ 20 ቴራባይት የሆነ አዲስ ዲስክ ተተክቶ በሴኮንድ 200 ሜጋባይት እየተጻፈ ቢሞላ 100,000 ሴኮንድ፣ ማለትም 28 ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ያረጁት ዲስኮች ከምንጊዜውም በላይ የሚደክሙት ጥበቃ በሌለበት በዚህ ጊዜ ነው።

አንድ የማውቀው የምርምር ክፍል ይህን በተግባር አይቶታል። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ማግስት ከአራቱ ዲስኮች ሁለቱ አልነሡም። «መጠባበቂያ አለ» ተብሎ ከመሳቢያ የወጣው ዲስክ ሲከፈት የመጨረሻው ቅጂ ስምንት ወር ያለፈው ሆኖ ተገኘ። የቅጂው ሥራ መቋረጡን ማንም አላስተዋለም ነበር። ከጠፉት መካከል የአንዲት የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ የአንድ ክረምት የከባቢ አየር ልኬት ይገኝበታል። የላቦራቶሪ ሙከራ በድካም ይደገማል፤ ያለፈ ክረምት ግን አይደገምም። ተማሪዋ የጥናቷን ርዕስ ለውጣ አንድ ዓመት ዘግይታ ተመረቀች።

ይህ የድሃ ተቋማት ችግር ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2021 በጃፓን የኪዮቶ ዩኒቨርሲቲ ሱፐር ኮምፒዩተር 77 ቴራባይት ያህል የምርምር መረጃ አጥቷል። መረጃውን የሰረዘው፣ የሚያስገርመው፣ ራሱ የመጠባበቂያ ቅጂ ሥራን ለማከናወን የተዘጋጀው ፕሮግራም ላይ የተፈጠረ ስሕተት ነው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 በደቡብ ኮሪያ ዴጆን ከተማ በሚገኝ የመንግሥት የመረጃ ማዕከል ከባትሪ የተነሣ እሳት የመንግሥት ሠራተኞች ሰነዶቻቸውን የሚያኖሩበትን 858 ቴራባይት የያዘ የጋራ ማከማቻ አውድሟል። በሌላ ቦታ የተቀመጠ ቅጂ አልነበረውም። ሁለቱም አገሮች ገንዘብም ባለሙያም አላጡም።

ስለዚህ የእኔ አስተያየት የሚከተለው ነው። ገንዘቡ አራት ዲስክ ለሚይዝ አንድ ሣጥን የሚበቃ ከሆነ፣ ጥቂት ተጨምሮበት ሁለት ዲስክ የሚይዙ ሁለት ሣጥኖች ይገዙ። በእያንዳንዱ ሣጥን ሁለቱ ዲስኮች አንዱ የሌላው ግልባጭ ይሁኑ። ሁለተኛው ሣጥን በሌላ ሕንፃ ይቀመጥ፤ የመጀመሪያውንም በየሌሊቱ ይቅዳ። የትናንትናው ስሕተት ትክክለኛውን እንዳይተካው ያለፉ ቀናት ቅጂዎችም ይጠበቁ። ቫይረስ እንዳይደርስበት ደግሞ በየሳምንቱ የሚቀዳና ከኔትወርክ ተነቅሎ የሚቀመጥ አንድ ዲስክ ይኑር።

«ታዲያ 12 የነበረው ቴራባይት 4 ሆነ ማለት ነው» የሚል ተቃውሞ እንደሚነሣ አውቃለሁ። እውነት ነው። ነገር ግን ዛሬ 1 ቴራባይት ያለውና መረጃው በየዓመቱ 40 በመቶ የሚያድግ መሥሪያ ቤት ከአራት ዓመት በኋላ የሚኖረው 3.8 ቴራባይት ነው። በዚያን ጊዜ ዲስኮቹ ራሳቸው የሚለወጡበት ዕድሜ ላይ ይደርሳሉ። እድገትን አስልቶ መግዛት ይቻላል፤ የጠፋን መረጃ ግን በኋላ መግዛት አይቻልም።

ሌሎች ደግሞ «ሁሉንም በክላውድ ለምን አናኖርም?» ይላሉ። መልሱ በሒሳብ ይገኛል። በሴኮንድ 10 ሜጋቢት በሚልክ መስመር 4 ቴራባይት ለመላክ ያለማቋረጥ 37 ቀናት ያስፈልጋሉ፤ ኪራዩም በአብዛኛው በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል ነው። በአንጻሩ የሒሳብ መዛግብትን፣ ውሎችንና የመመረቂያ ጽሑፎችን የመሰለ 50 ጊጋባይት ሰነድ በዚያው መስመር በ11 ሰዓት ያልቃል። እንግዲህ ክላውድ ለጥቂቱና ለውዱ መረጃ ይዋል።

ከሣጥኑ ጋር የሚገዙ ነገሮችም አሉ። መብራት ሲጠፋ ማከማቻው በሥርዓት እንዲዘጋ በኬብል ትእዛዝ የሚሰጥ ዩፒኤስ ቅንጦት አይደለም። በሴኮንድ 100 ሜጋቢት ብቻ የሚያሳልፍ አሮጌ ስዊችም ውዱን መሣሪያ በሴኮንድ ከ12.5 ሜጋባይት በላይ እንዳይሄድ ያስረዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያስፈልገው ግን ዋጋ የማይጠየቅበት ነው፦ በስም የተመደበ ኃላፊ፣ እርሱ በማይኖርበት ጊዜ የሚተካው ሰው፣ እንዲሁም በየሦስት ወሩ ጥቂት ፋይሎችን ከቅጂው መልሶ አውጥቶ የመክፈት ልማድ። እኛ የፊዚክስ ሰዎች ያልተለካን ነገር አናምንም። ተመልሶ ያልተከፈተ ቅጂም ያው ነው።

ውድ ተማሪዎች፣ ነገ በየምትቀጠሩበት መሥሪያ ቤት «ኮምፒዩተር ታውቃለህ፣ ታውቂያለሽ፤ እስቲ አንድ ማከማቻ ምረጡልን» መባላችሁ አይቀርም። ያን ጊዜ የቴራባይቱን ቁጥር ከማየታችሁ በፊት ሁለተኛው ቅጂ የት እንደሚቀመጥ ጠይቁ። ለዛሬው ደግሞ የራሳችሁን የመመረቂያ ጽሑፍ አስቡ፤ በአንድ ፍላሽ ላይ ብቻ ከሆነ ዛሬ ማታ ቅዱት። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ እንዳይሆን።