«ቮላታይል» የምትባለው ቃልና ቆቦ

ዛሬ የምጽፈው ስለ አንዲት ቃል ነው። «ሰው እያለቀ አንተ ስለ ቃል ታወራለህ?» የሚለኝ እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ ዞሮ ዞሮ ሰው ላይ ነው የሚያርፈው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ቆቦ ውስጥ በአንድ ስብሰባ ላይ አስተርጓሚ ነበርኩ። ስብሰባውን የጠራው የእርዳታ ድርጅት ነው። ከውጭ የመጣችው ባለሙያ ማስታወሻዋን ገለጠችና በራያ ቆቦ ያለው የጸጥታ ሁኔታ «ሪሜይንስ ቮላታይል» አለች። እኔም ብዙ ሳላስብ «የጸጥታው ሁኔታ ተለዋዋጭ እንደሆነ ቀጥሏል» ብዬ ተረጎምኩ። ከፊት ወንበር የተቀመጡ አንድ አባት እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ የሚለዋወጠው ማን ነው?» አሉኝ።

መልስ አልነበረኝም። ጥያቄውን ለባለሙያዋ ስነግራት ፈገግ ብላ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈች። የአባታችን ጥያቄ ግን እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም።

የሰብዓዊ እርዳታ ሪፖርት፣ የኤምባሲ የጉዞ ማሳሰቢያ፣ የውጭ ዜና የሚያነብ ሁሉ ቃሏን ያውቃታል። በእኛም አገር የቢሮ ሰው አፍ ላይ ገብታለች፤ «ሰሞኑን ቦታው ቮላታይል ነው» ሲባል መስማት የተለመደ ነው። ሥሯ ላቲን ነው፤ «መብረር» ከሚለው ግሥ ትወጣለች። ኬሚስትሪ የተማረ ሰው ደግሞ እንደ ቤንዚንና አልኮል ቶሎ የሚተን ፈሳሽ በዚህች ቃል እንደሚጠራ ያስታውሳል። የአክሲዮን ዋጋ በአንድ ቀን ሲወጣና ሲወርድ እንዲሁ ይባላል። ቶሎ ግንፍል የሚል ሰውም እንዲሁ።

እዚህ ላይ ልብ በሉ። ቤንዚን የሚተነው ማንም በድሎት አይደለም፤ ጠባዩ ነው። ግንፍል የሚለውም ሰው ጠባዩ ነው ይባላል። እንግዲህ «ቆቦ ቮላታይል ናት» ሲባል ሰሚው ጋ የሚደርሰው ምንድን ነው? መተኮስ፣ መሸሽ፣ መቃጠል የቦታው ጠባይ ነው የሚል ነገር ነው። ቆላው ይሞቃል፣ ማሽላ ያበቅላል፣ ይተኮስበታል። በቃ፣ እንደ አየር ንብረት።

እስቲ ወደ ራሷ ወደ ቆቦ እንምጣና በጥቂት ዓመታት ውስጥ የሆነውን እናስታውስ።

አንድ። ጳጉሜን 4 ቀን 2013 ዓ.ም.፣ አዲስ ዓመት ሊገባ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ከተማዋ በትግራይ ኃይሎች እጅ ነበረች። ሂዩማን ራይትስ ዎች የዓይን እማኞችን አነጋግሮ በዚያ ቀን 23 ሰዎች በአራት የተለያዩ ክስተቶች ያለ ፍርድ መገደላቸውን ዘግቧል። አምነስቲ ኢንተርናሽናልም በ2014 ዓ.ም. ባወጣው ሪፖርት የቆቦን ግድያ መዝግቧል።

ሁለት። ነሐሴ 18 ቀን 2014 ዓ.ም.፣ ለወራት የቆየው ተኩስ አቁም በቆቦ ዙሪያ ፈረሰ። የፌዴራል መንግሥትና ሕወሓት «ቀድሞ የተኮሰው እሱ ነው» ተባባሉ። ከሦስት ቀን በኋላ መንግሥት በከተማ ውስጥ ውጊያ የሕዝብ እልቂት እንዳይደርስ ሠራዊቱ ከቆቦ መውጣቱን አስታወቀ። የከተማዋ ሰው በአንድ ዓመት ልዩነት ሁለተኛ ጊዜ ጨርቄን ማቄን ሳይል ወጣ።

ሦስት። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም.፣ በአማራ ክልል የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ። አሁን ተዋጊዎቹ ሌሎች ናቸው፤ የመከላከያ ሠራዊትና ፋኖ። ትናንት በአንድ ምሽግ አብረው የነበሩ ሰዎች ተቃራኒ ወገን ቆሙ። ቆቦም የውጊያው ቦታ ከሆኑት ከተሞች አንዷ ነበረች።

አራት። በሚያዝያ 2016 ዓ.ም.፣ በአላማጣና በራያ አላማጣ ግጭት ተነሣ። የተባበሩት መንግሥታት የሰብዓዊ ጉዳዮች ማስተባበሪያ ቢሮ ከ50 ሺህ በላይ ሰው መፈናቀሉን ገለጸ፤ አብዛኛው የመጣው ወደ ቆቦ ነው። የአማራ ክልል መንግሥት ሕወሓት የፕሪቶሪያውን ስምምነት ጥሷል ብሎ ከሰሰ፤ የትግራይ ጊዜያዊ አስተዳደር ደግሞ የራሱን መልስ ሰጠ። ቆቦ በዚህ ጊዜ ተፈናቃይ ሳይሆን አስጠጊ ነበረች።

አራቱ አራት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። የመጀመሪያው ወንጀል ነው፤ የሚፈልገው ምርመራና ፍርድ ነው። ሁለተኛው የፈረሰ ተኩስ አቁም ነው፤ የሚፈልገው ታዛቢ ነበር። ሦስተኛው በመንግሥትና በታጠቀ ቡድን መካከል ያለ የፖለቲካ ጠብ ነው፤ የሚፈልገው ድርድር ነው። አራተኛው ደግሞ ያልተቋጨ የአስተዳደር ጥያቄ ነው። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የተፈረመው ስምምነት አወዛጋቢ አካባቢዎች በሕገ መንግሥቱ መሠረት እልባት ያገኛሉ ይላል። እስኪያገኙ ድረስ ግን ዋጃና አላማጣ፣ ኮረምና ቆቦ የሚኖረው ሰው ነው ዕዳውን የሚከፍለው።

አራቱም ላይ የሚለጠፈው ቅጽል አንድ ነው። ሐኪም የወባውንም፣ የታይፎይዱንም፣ የቁስሉንም በሽተኛ «ትኩሳት አለው» ብሎ ቢያሰናብት ምን ይባላል? ውሸት አልተናገረም። ግን አላከመም።

ሁለተኛው ችግር «ሪሜይንስ» የምትለው አጃቢዋ ናት። ተለዋዋጭ ነገር ይለዋወጣል፤ ባለበት የሚቀጥል ከሆነ ተለዋዋጭ አይደለም። ሪፖርቱ ግን ለሦስት ዓመት በየወሩ «ተለዋዋጭ እንደሆነ ቀጥሏል» ይለናል። ሳይለዋወጥ ለዓመታት የቆየ ነገር ስሙ ሌላ ነው። ጦርነት ከሆነ ጦርነት፣ የታገደ መንገድ ከሆነ የታገደ መንገድ፣ ያልተመለሰ ጥያቄ ከሆነ ያልተመለሰ ጥያቄ ይባል።

አሁን ደግሞ ወደ ራሳችን ቤት። ፈረንጁን ብቻ ወቅሼ ብቀመጥ አድልዎ ይሆንብኛል። እኛም የራሳችን ቅጽል አለን፤ «አንጻራዊ ሰላም»። «በአካባቢው አንጻራዊ ሰላም ሰፍኗል» የሚለውን ያልሰማ አለ? ከምን አንጻር? ከትናንት ነው? ከጎረቤት ወረዳ ነው? ከሞት ነው? ለአንድ ወረዳ፣ በአንድ ሳምንት፣ በእንግሊዝኛ «ቮላታይል»፣ በአማርኛ ደግሞ «አንጻራዊ ሰላም» ሊባልለት ይችላል። ሁለቱ ቃላት የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ መንታ ናቸው። ሁለቱም ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ አይሉም። አንዷ እርዳታ ሰጪውን ከተጠያቂነት ታድናለች፣ ሌላዋ ባለሥልጣኑን። «የጸጥታ መደፍረስ»፣ «አንዳንድ አካላት»፣ «የሚመለከተው አካል» የሚሉትም የዚሁ ቤተሰብ ልጆች ናቸው።

ወሎ የቃል ዋጋ ምን እንደሆነ ከማንም በላይ ማወቅ ነበረበት። በ1965 እና በ66 ዓ.ም. ረሃቡ በስሙ እንዳይጠራ ባለሥልጣናት ሲሸፋፍኑት ሰው እንደ ቅጠል ረገፈ። የእንግሊዙ ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ፊልሙን ቀርጾ ለዓለም ሲያሳይ ነው እውነቱ በይፋ አደባባይ የወጣው። ያኔም ነገሩን የሚያለዝቡ ቃላት ሞልተው ነበር። የጠፋው ትክክለኛው ስም ነበር።

«ታዲያ ቃሏ ምን አጠፋች? ቃል አይተኩስም» ትሉኝ ይሆናል። አዎ፣ አይተኩስም። ውሳኔ ግን ይወሰንባታል። አዲስ አበባ ቢሮው የተቀመጠ ኃላፊ ወረዳው ስም አጠገብ ይህችን ቃል ሲያይ መኪና አይልክም፤ ባንኩ ብድር ያዘገያል፤ የጭነት መኪና ባለቤት ወይ አልሄድም ይላል ወይ ዋጋ ይቆልላል። የራያ ቆላ ገበሬ ደግሞ ጊዜ አይጠብቀውም። ረጅም ጊዜ የሚፈልገው ማሽላ በበልጉ ዝናብ ካልተዘራ አለፈ። በቆቦ ጊራና ሸለቆ ከጉድጓድ በፓምፕ በሚሳብ ውኃ የለማ ሽንኩርት መንገድ ሲዘጋ ማሳ ላይ ይበሰብሳል። ለዚህ ገበሬ «ሦስት ቀን ብቻ ነው የተዘጋው» እና «አካባቢው ቮላታይል ነው» የሚሉት የሰማይና የምድር ያህል የተራራቁ ናቸው። የመጀመሪያው በአራተኛው ቀን ያበቃል። ሁለተኛው መቼም አያበቃም።

ሚዛናዊ ለመሆን ያህል የሌላውንም ወገን እንስማ። የእርዳታ ሠራተኛ ቃሏን የሚመርጣት ስንፍና ይዞት ብቻ አይደለም። መስከረም 20 ቀን 2014 ዓ.ም. መንግሥት ሰባት የተባበሩት መንግሥታት ከፍተኛ ባለሥልጣናትን በ72 ሰዓት ከአገር እንዲወጡ ማዘዙን ሁላችንም እናስታውሳለን። ከዚያ በኋላ ሪፖርት የሚጽፍ ሰው እጁ ቢንቀጠቀጥ አይፈረድበትም። ኬላ ላይ የቆመው ታጣቂም የማንም ወገን ይሁን የማን ስሙ ተጠርቶ ሲያገኝ ነገ መኪናውን ላያሳልፍ ይችላል። «ስም ጠርቼ ዱቄቱ ከሚቀር፣ ሳልጠራ ዱቄቱ ይድረስ» የሚል ሰው ክፉ ነው አልልም። እኔም በዚያ ስብሰባ ላይ ዝም ያልኩት እንጀራዬን ፈርቼ ነው።

ግን አጥፊውን ሳይጠሩም እውነቱን መናገር ይቻላል። ይህን የሚያውቁት ደግሞ ሾፌሮች ናቸው። ከወልዲያ ወደ ሰሜን የሚነሣ ሾፌር ከዚያ የመጣውን ባልደረባውን «ሁኔታው እንዴት ነው?» ብሎ ብቻ አይተወውም። «ጎብዬን በስንት ሰዓት አለፍክ? ሮቢት ላይ ተኩስ ሰማህ? ኬላ አለ? መታወቂያ ይጠይቃሉ? ዋጃ ድረስ ያስኬዳል?» ይለዋል። አምስት ጥያቄ፣ አምስት መልስ። ማንንም አልከሰሰም፣ ማንንም አላሞገሰም። የሚያስፈልገውን ግን ሁሉ አወቀ። የእኛ እናቶችም ስልክ ሲደውሉ «እንዴት አደራችሁ? ማታ ተኩስ ነበር? ወፍጮ ቤቱ ተከፍቷል?» ነው የሚሉት። ከመቶ ገጽ ሪፖርት ይልቅ የወፍጮ ቤቱ መከፈት ብዙ ይናገራል።

ስለዚህ ለሪፖርት ጸሐፊውም፣ ለጋዜጠኛውም፣ ለኮሙኒኬሽን ቢሮ ሠራተኛውም፣ እዚህ ቻናል ላይ ለምንጽፈውም የማቀርበው ሐሳብ ቀላል ነው። ቃሏን ከተጠቀማችሁ ብቻዋን አትተዉአት። ቢያንስ አራት ነገር አስከትሉ፦ ምን ሆነ? ከየት እስከ የት? ከመቼ እስከ መቼ? ምን ቢሆን ነው የሚሻሻለው? አምስተኛውን፣ «ማን አደረገው?» የሚለውን፣ መጻፍ የምትችሉ ጻፉት። ዛሬ የማትችሉ ደግሞ ቀኑንና ቦታውን በትክክል መዝግቡ፤ አንድ ቀን መርማሪ ይፈልገዋል። ከአራቱ አንዱንም መመለስ ካልቻላችሁ ስለ ቦታው ገና የምታውቁት ነገር የለም ማለት ነው። ያኔ ቃሏን ባትጽፏት ይሻላል።

ለራያ ልጆችም አንድ ቃል አለኝ። በአላማጣም ሁኑ በቆቦ፣ አማርኛም ተናገሩ ትግርኛ ወይም ኦሮምኛ፣ አገራችሁን በዚህ ስም ሲጠሯት ዝም አትበሉ። ተለዋዋጩ መሬቱ አይደለም። የዞብል ተራራ ካለበት ንቅንቅ አላለም። ገበያው ሲከፈትለት ይቆማል፣ ገበሬው ዝናብ ሲያገኝ ይዘራል፣ ሰዉ እንግዳ ሲመጣበት ያስጠጋል። የሚለዋወጡት ትእዛዝ የሚሰጡት፣ ስምምነት ፈርመው የሚያፈርሱት፣ እልባት ይገኛል ብለው ቀጠሮ የሚያራዝሙት ናቸው።

እኚያ አባት ከስብሰባው በኋላ በር ላይ አገኙኝና ትከሻዬን መታ አድርገው «አብሽር ልጄ፣ ጥፋቱ ያንተ አይደለም» አሉኝ። ግማሹ ግን የእኔ ነበር። ጥያቄያቸውን መልሼ መላልሼ መጠየቅ ነበረብኝ። ዘግይቼም ቢሆን ይኸው ዛሬ እጠይቃለሁ፦ የሚለዋወጠው ማን ነው?

ቸር ወሬ ያሰማን።