ቁጥሩን ብቻ አንሸምድድ!

ዛሬ ስለ ሉሲ ወይም ስለ ድንቅነሽ አንድ አስተያየት አለኝ።

«ሉሲ ዕድሜዋ ስንት ነው?» ተብለን ብንጠየቅ ሁላችንም «3.2 ሚሊዮን ዓመት!» እንላለን። «እንዴት ታወቀ?» ስንባል ግን ክፍሉ ጭጭ ይላል። በእኔ አስተያየት ምክንያቱን ሳያውቁ ቁጥሩን መሸምደድ ትምህርት አይባልም።

ምክንያቱ ደግሞ ያን ያህል ከባድ አይደለም። ቤት ውስጥ እንጀራ ሲጋገር መጀመሪያ የወጣው ከታች፣ መጨረሻ የወጣው ከላይ ይሆናል። መሬትም እንደዚያው ነው። ወንዝና ጎርፍ ያመጡት ደለል አንዱ በአንዱ ላይ እየተነጠፈ ከብዙ ዘመን በኋላ ድንጋይ ይሆናል። ስለዚህ በታችኛው ንብርብር ያለ ቅሪተ አካል በላይኛው ካለው ይበልጥ ጥንታዊ ነው። ይህን ሕግ በ1669 እ.ኤ.አ. ጽፎ ያወጣው ኒኮላስ ስቴኖ የሚባል የዴንማርክ ተወላጅ ነው።

ንብርብሩ የሚነግረን ግን ማን ማንን እንደሚቀድም ብቻ ነው። ቁጥሩ የሚገኘው ከእሳተ ገሞራ አመድ ነው። በደለሉ መሀል በተነጠፈው አመድ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ማዕድናት በላቦራቶሪ ሲመረመሩ ዕድሜያቸው ይታወቃል። በኅዳር 1967 ዓ.ም. በአፋር፣ ሐዳር የተገኘችው ሉሲ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ከሆነው አመድ ትንሽ ከፍ ብላ ነበር። ስለዚህ ዕድሜዋ ከአመዱ በጥቂቱ ያንሳል። እዚያው አፋር፣ አራሚስ የተገኘችው አርዲ ደግሞ በሁለት የአመድ ንጣፎች መካከል ነበረች። ሁለቱም 4.4 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ስለሆኑ የእሷም ከዚያ አይርቅም።

አንዳንድ ጓደኞቼ «ፈተና ላይ የሚመጣው ቁጥሩ ነው፣ አፈር ማየት ምን ያደርጋል?» ይላሉ። እኔ ግን አልስማማም። ቁጥር ከፈተና በኋላ ይረሳል። ምክንያቱን ያወቀ ልጅ ግን የትም ገደል ቢያይ የቱ እንደሚቀድም ራሱ መናገር ይችላል።

ስለዚህ የሳይንስ መምህሮቻችንን የምጠይቀው አንድ ነገር ነው። በግቢያችን ለአዲሱ መማሪያ ክፍል መሠረት ተቆፍሯል። ከላይ ፌስታልና ቆርኪ ያለበት አፈር፣ ቀጥሎ ጥቁር አፈር፣ ከሥር ጠጠር የበዛበት ቀይ አፈር በግልጽ ይታያል። ቆርኪው ከቀዩ አፈር በኋላ እንደመጣ ማንም ያያል። ድሮ የተቆፈረ የቆሻሻ ጉድጓድ ካለ ግን ፌስታል ወደ ታች ወርዶ ሊገኝ ይችላል። ሳይንቲስቶችም ንብርብሩ ተሰንጥቆ ወይም ተገልብጦ እንደሆነ አስቀድመው የሚያዩት ለዚህ ነው።

ጉድጓዱ ውስጥ መግባት አያስፈልገንም። በመምህር ታጅበን ከዳር ሆነን ብናይ ይበቃል። አንድ ክፍለ ጊዜ ብቻ ነው የሚወስደው። ሲሚንቶው ከፈሰሰ በኋላ ግን ምንም አይታይም። እባካችሁ፣ መሠረቱ ከመሞላቱ በፊት አሳዩን!



ከሚኒ ሚዲያ ክበብ አባል፣ 7ኛ ክፍል