ለከፍተኛ ትምህርት ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ ሰው ቤት ስለሚከራይበት ሰፈር

ለሁለተኛ ዲግሪ ሊማር ከየክልሉ ወደ አዲስ አበባ የሚመጣ መምህር ወይም የመንግሥት ሠራተኛ ከመጽሐፉ አስቀድሞ የሚያሳስበው የሚያድርበት ቤት ነው። ከደመወዙ ለቤተ ሰቡ አስቀርቶ እርሱ በተረፈው ስለሚኖር፥ ደላላው ርካሽ ቤት አለ ባለው ጊዜ ሳያመነታ ይከተለዋል። የሚደርስበትም ስፍራ ብዙውን ጊዜ በከተማው ዳር፥ በኮዬ ፈጬ ወይም በቦሌ አራብሳ ካሉት የጋራ መኖሪያ ቤቶች አንዱ ነው።

ቤቱ አዲስ ነው፤ መጸዳጃውም ለብቻው ነው፤ ኪራዩም በመካከለኛው ከተማ ካለው ተመሳሳይ ቤት ያንሳል። ነገር ግን የቤት ዋጋ ለአከራይ በሚቈጠረው ብር ብቻ አይታወቅም። ከኮዬ ፈጬ እስከ ስድስት ኪሎ ከ20 ኪሎ ሜትር የማያንስ መንገድ ስለ ሆነ፥ ተማሪው ሁለትና ሦስት ታክሲ ይለዋውጣል። መሄጃው አንድ ሰዓት ተኩል፥ መመለሻውም እንደዚሁ ቢሆን፥ በአምስት ቀን 15 ሰዓት በመንገድ ላይ አለቀ ማለት ነው። ይህም ለንባብ የሚሆነው ጊዜ ነው። የማታ ተማሪ ደግሞ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ወጥቶ በታክሲ ሰልፍ ሲቆም፥ የተረፈውን ኪራይ በምን እንደ ከፈለው ያን ጊዜ ያውቀዋል።

እንዲህም ሲባል ዳር ያለው ሰፈር ሁሉ የተነቀፈ አይደለም። በአዲስ አበባ ሳይንስና ቴክኖሎጂ ዩኒቨርሲቲ ለሚማር ሰው ቱሉ ዲምቱና ኮዬ ፈጬ ጎረቤቶቹ ናቸው። በልደታ ባለው የሕንፃ ትምህርት ተቋም የሚማረውም በ2008 ዓ.ም. ሥራ በጀመረው የቀላል ባቡር መሥመር አጠገብ ቢከራይ ይጠቀማል፤ ምንም እንኳ ከዚያ ወዲህ የሚሠሩት ባቡሮች ቍጥር ያነሰ ቢሆን።

ለስድስት ኪሎና ለአራት ኪሎ ተማሪ ግን የሚሻለው ሽሮ ሜዳ፥ ቀጨኔ፥ ቀበና ወይም ፈረንሳይ ለጋሲዮን ነው። በሸማኔና በሸክላ ሠሪ መካከል የሚገኘው ክፍል ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ጭቃ፥ መጸዳጃው የጋራ ነው፤ ውኃው በፈረቃ ይመጣል፤ ባለቤቲቱም መብራቱ እስከ ስንት ሰዓት እንደ በራ ትቈጥራለች። ለሚያነብ ሰው ይህ የመጨረሻው ከሁሉ የሚከብድ ነው። ቢሆንም ከሽሮ ሜዳ ቍልቍል ወርዶ ከቤተ መጻሕፍት የሚደርሰው በእግሩ ነው፤ ቤተ መጻሕፍቱም ብርሃን አለው። የቆሎ ተማሪ ጎጆውን ከቤተ ክርስቲያኑ አጠገብ የሚቀልሰው የኔታ ካሉበት እንዳይርቅ ብሎ እንጂ ስፍራው አምሮት አልነበረም።

ችግሩ እንዲህ ያለው ክፍል እየጠፋ መሄዱ ነው። በ2016 ዓ.ም. በፒያሳና በዶሮ ማነቂያ፥ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በካዛንቺስ ለኮሪደር ልማት ብዙ አሮጌ ቤት ፈርሷል። መንገዱ ሰፍቷል፥ የእግረኛውም መሄጃ አምሯል፤ ለነዋሪዎቹም በሌላ ስፍራ ቤት ተሰጥቷል። ነገር ግን በግቢው ጓሮ አንዲት ክፍል ተከራይቶ የነበረው ተማሪ በባለ ይዞታነት የሚቈጠር ስላልነበረ፥ ሻንጣውን ይዞ ሄደ። ከዚህም የተነሣ በቀሩት ሰፈሮች ፈላጊው በዝቶ፥ የጭቃው ክፍል ኪራይ ወደ ላይ ወጣ።

በ2016 ዓ.ም. የወጣው የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቍጥር 1320 ለዚህ ሰው የሚረዳ ነገር አለበት። ውሉ በጽሑፍ ሆኖ እንዲመዘገብ፥ ዘመኑ ከሁለት ዓመት እንዳያንስ፥ ቅድሚያ ክፍያውም ከሁለት ወር ኪራይ እንዳይበልጥ ያዝዛል። ሁለት ዓመት የሁለተኛ ዲግሪ ትምህርት የተለመደው ዘመን ስለ ሆነ፥ አዋጁ ለተማሪ ተለክቶ የተሰፋ ይመስላል። ዳሩ ግን ክፍል ፈላጊው ውል ይጻፍልኝ ቢል አከራዩ ለሌላ ሰው ይሰጥብኛል ብሎ ስለሚፈራ ዝም ይላል፤ የወረዳውም ሹም ያልቀረበለትን ውል መመዝገብ አይችልም። ዩኒቨርሲቲዎቹ በዙሪያቸው ያሉትን ፈቃደኛ አከራዮች በመዝገብ ይዘው፥ ተማሪውን ከደላላው በፊት ቢያገናኙት፥ ውሉም በዚያው ተጽፎ ወደ ወረዳው ቢላክ፥ ይህን ፍርሃት በብዙ ያቃልሉለት ነበር።