ፈረስ ጫማ ከተመታለት በኋላ ስለሚደረግለት ጥንቃቄ

በአገራችን ፈረስ የተከበረ እንስሳ መሆኑን የማያውቅ የለም። አባቶቻችን ጀግናውን በፈረሱ ስም ይጠሩት ነበር፤ ዐፄ ቴዎድሮስ አባ ታጠቅ፣ ዐፄ ዮሐንስ አባ በዝብዝ፣ ዐፄ ምኒልክ አባ ዳኘው መባላቸው ከዚህ የተነሣ ነው። ዛሬም በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በእንጅባራ ተሰብስበው በዓላቸውን ሲያከብሩ፣ ፈረሱ እንደ ሙሽራ ተሸልሞ ይታያል። ይሁን እንጂ የፈረስ ክብር በበዓል ቀን ሽልማት ብቻ የሚፈጸም አይደለም። በከተማ ጋሪ እየጎተተ፣ በደጋው አገር ሰውና እህል እየተሸከመ የአንድ ቤተ ሰብ እንጀራ የሚያወጣው ፈረስ፣ ጌታው የሚያከብረው መሆኑ የሚታወቀው በየቀኑ እግሩን በሚመለከትበት አመለካከት ነው።

በዚህ ገጽ ስለ ከብትና ስለ ቤት እንስሳት አያያዝ በየጊዜው እንጽፋለን። ለዛሬ የመረጥነው ነገር ትንሽ መስሎ የሚታይ፣ ነገር ግን ብዙ ፈረስ የሚበላሽበት ጉዳይ ነው፤ ይኸውም ሰኮናው ተከርክሞ ወይም የብረት ጫማ ተመትቶለት ከባለ ሙያው እጅ የወጣ ፈረስ፣ በዚያው ቀንና በተከታዮቹ ቀናት እንዴት ሊጋለብና ሊሠራበት እንደሚገባ ነው።

አስቀድሞ የሰኮናን ተፈጥሮ ማወቅ ይጠቅማል። የሰኮና የውጭው ቅርፊት እንደ ሰው ጥፍር ያለ ነው፤ ስሜት የለውም፣ ቢቈረጥም አይደማም። ከቅርፊቱ በስተ ውስጥ ግን ደምና ስሜት ያለው ሕያው ሥጋ አለ፤ ከዚያም ውስጥ አጥንት አለ። በደረቁ ቅርፊትና በሕያው ሥጋ መካከል ያለው ርቀት እጅግ ጠባብ ነው። ጫማ የሚመታው ሰው ጥበቡ ሁሉ ሚስማሩን በዚህ በጠባቡ ስፍራ በደረቁ ክፍል ብቻ አሳልፎ፣ ጫፉን በሰኮናው ጎን ማውጣትና ቆልምሞ ማጠፍ ነው። ለአንድ ጫማ አብዛኛውን ጊዜ ከ6 እስከ 8 ሚስማር ይመታል፤ አራቱ እግር ሲቈጠር ከ24 እስከ 32 ሚስማር ይሆናል ማለት ነው። ከእነዚህ አንዱ እንኳ መንገዱን ቢስት ፈረሱ ይታመማል።

ሰኮና በወር ከ6 እስከ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ያድጋል። ጠጉሩ ከሰኮናው ከሚገናኝበት እስከ እግሩ ጫፍ ያለው ቅርፊት ፈጽሞ እስኪታደስ ከ9 እስከ 12 ወር ይፈጃል። ጫማ የሌለው ፈረስ ሰኮናው በመሬት እየተፋቀ ሲያጥር፣ ጫማ ያለው ግን ብረቱ ስለሚከለክለው ርዝመቱ ይጨምራል። ስለዚህ ብረቱ ባያልቅም ከ6 እስከ 8 ሳምንት ባለው ጊዜ ጫማው ወልቆ፣ ሰኮናው ተከርክሞ እንደ ገና መመታት አለበት። ይህን ወቅት ጠብቆ የሚያሠራ ሰው ከሥራው በኋላ ችግር የሚገጥመው ጥቂት ነው። ሰኮናው እስኪንጋደድ ድረስ ብዙ ወር ያቈየ ሰው ግን፣ በአንድ ቀን ብዙ ሲከረከምለት የእግሩ አቋም በድንገት ስለሚለወጥ ጅማቱ ይጨነቃል። እንዲህ ያለውን ሰኮና በአንድ ጊዜ ማስተካከል አይገባም፤ በሁለትና በሦስት ክርከማ ቀስ በቀስ ማቅናት ይሻላል። ቀስ በቀስ ዕንቁላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለው ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ባለ ሙያው ሥራውን ፈጽሞ መዶሻውንና ጉጠቱን ሲሰበስብ፣ ባለ ፈረሱ ገንዘቡን ከፍሎ ወዲያው ኮርቻ ሊጭን ወይም ጋሪ ሊያስር አይገባውም። አስቀድሞ ሦስት ነገር ይጠይቀው። አንደኛ፣ ሚስማር ሲመታ ፈረሱ እግሩን የነጠቀበት ጊዜ ነበረን? ሁለተኛ፣ ተመትቶ እንደ ገና የተነቀለ ሚስማር አለን? ካለስ በየትኛው እግርና በየትኛው ቀዳዳ ነው? ሦስተኛ፣ ከታች የተከረከመው ብዙ ነውን ወይስ ጥቂት? የእነዚህን መልስ የያዘ ሰው፣ ከሦስት ቀን በኋላ ፈረሱ ቢያነክስ የት እንደሚፈልግ ያውቃል።

በዚህ ስፍራ ለባለ ፈረሶች አንድ ምክር አለን። ጫማ መቺው «ይህን ሚስማር እጠራጠረዋለሁ» ብሎ ቢናገር፣ መስደብና ዋጋውን መከልከል አይገባም። እጅግ ጎበዝ የተባለ ባለ ሙያ እንኳ ፈረሱ ሲወራጭ ሚስማር ሊስትበት ይችላል። እውነት በተናገረ ጊዜ የተሰደበ ሰው በሌላ ጊዜ ይደብቃል፤ የተደበቀውን ደግሞ የሚከፍለው ፈረሱ ነው። ለባለ ሙያውም የምንለው ይህንኑ ነው፤ የተጠራጠረውን ሚስማር ነቅሎ ማሳየት ክብሩን ከፍ ያደርግለታል እንጂ አያዋርደውም።

ከዚህ በኋላ ፈረሱን በልባቡ ይዞ፣ በደልዳላ ስፍራ በቀጥታ መስመር ማስኬድና እንደ ገና መመለስ ነው። አንድ ሰው ይዞ ሲሄድ ሌላው ቆሞ ይመልከት። አስቀድሞ በእርምጃ፣ ቀጥሎ በሶምሶማ ይሂድ፤ ማነከስ ከሁሉ ይልቅ በሶምሶማ ይገለጣልና። ፈረስ የፊት እግሩ ሲታመም፣ የታመመው እግር መሬት በረገጠ ጊዜ ራሱን ወደ ላይ ያነሣል፤ ጤነኛው በረገጠ ጊዜ ዝቅ ያደርጋል። የኋላ እግሩ እንደ ሆነ ግን ዳሌውን መመልከት ያሻል፤ በታመመው እግር በኩል ያለው ዳሌ ከሌላው ይልቅ ከፍና ዝቅ ሲል ይታያል። ከፈረስ ክብደት ከመቶው 60 ያህሉ የሚያርፈው በፊት እግሮቹ ላይ ስለ ሆነ፣ አብዛኛው ችግር የሚታየው በእነርሱ ነው።

ፈረሱ ደኅና መስሎ ከታየ ሥራው እንደ ሁኔታው ይለያያል። ወቅቱን ጠብቆ ጫማ የሚለወጥለትና ምንም የሕመም ምልክት ያላሳየ ፈረስ፣ ጥቂት ካረፈና ውሃ ከጠጣ በኋላ በዚያው ቀን ቀላል ሥራ ቢሠራ አይጎዳም። ለመጀመሪያ ጊዜ ጫማ የተመታለት፣ ወይም ብዙ ጊዜ ተረስቶ የተከረከመ፣ ወይም በምቱ ጊዜ እግሩን የነጠቀ ግን እንዲህ አይደለም። ለእነዚህ በመጀመሪያው ቀን ከ15 እስከ 20 ደቂቃ በለስላሳ መሬት በእርምጃ ማንሸራሸር ይበቃል፤ በሁለተኛው ቀን ያለ ጭነት በሶምሶማ ተፈትኖ፣ ደኅና ከሆነ በሦስተኛው ቀን ግማሽ ጭነት፣ ከዚያም ወደ ሙሉ ሥራው ቢመለስ መልካም ነው። ሽምጥ ግልቢያና ጉግስ ግን ከሁሉ በኋላ ይሁን። ነገ በዓል ነው ብሎ ዛሬ ጫማ ማስመታት የማይገባ ነገር ነው፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት አስቀድሞ ማሠራት ይሻላል።

ያለ ጫማ የሚሠራ፣ ሰኮናው ብቻ የተከረከመ ፈረስም ጥንቃቄ ይሻል። ውስጥ እግሩ ስለ ሳሳ ጠጠሩና የተጠረበው ድንጋይ መንገድ ይወጋዋል። በአስፋልትና በኮረት ላይ ከመሄዱ በፊት ጥቂት ቀን በሣር ወይም በአፈር መንገድ እንዲውል ማድረግ ይገባል። አዲስ ብረት የተመታለትም ፈረስ በዝናብ በራሰ አስፋልት ላይ በቀላሉ ስለሚንሸራተት፣ ጋሪ ነጂው በቁልቁለትና በመታጠፊያ ላይ ፍጥነቱን መቀነስ አለበት። ከመጀመሪያው ቀን ሥራ በኋላ ደግሞ የታጠፉትን የሚስማር ጫፎች በእጅ መዳሰስ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከፍ ብሎ ቢገኝ፣ ወይም ፈረሱ ሲሄድ ብረቱ የልቅ ድምፅ ቢያሰማ፣ ሳይውል ሳያድር ማስጠበቅ ነው።

ሰው ሁሉ የሚሳሳተው ግን በዚህ ነው፤ በመጀመሪያው ቀን ያላነከሰ ፈረስ ድኗል ብሎ ማመኑ። ሚስማር ሕያውን ሥጋ በቀጥታ ከወጋው ፈረሱ ወዲያውኑ ይነጥቃል፤ ደምም ሊታይ ይችላል። ሚስማሩ ሥጋውን ሳይነካ በጣም ተጠግቶ ሲጫነው ግን፣ ሕመሙ የሚገለጠው ከአንድ ወይም ከሁለት ቀን በኋላ ሊሆን ይችላል። ቆሻሻ ገብቶበት መግል የቋጠረ እንደ ሆነ ደግሞ ከብዙ ቀን በኋላ ይታያል። ስለዚህ እስከ ሁለት ሳምንት ድረስ በየማለዳው እግሩን መመልከት ይገባል። ይህ ሥራ ከቤተ ሰቡ ልጆች ለአንዱ፣ አዋቂ እያየው፣ ሊሰጥ ይችላል፤ ከፈረሱ ጋርም ያላምደዋል። መዳፍን በአራቱም ሰኮና ላይ ማሳረፍ ነው፤ አንዱ ከሌሎቹ ይልቅ ቢሞቅ፣ ከቁርጭምጭሚቱ በስተ ኋላ የደሙ ትርታ በኀይል ቢመታ፣ ፈረሱም ቆሞ ሳለ ያንን እግር ወደ ፊት ዘርግቶ ቢያሳርፍ፣ ነገሩ ሰኮናው ውስጥ ነው።

ይህ ምልክት የታየ እንደ ሆነ ፈረሱን ከሥራ ማውጣትና ጫማ መቺውን ወይም የእንስሳት ሐኪም መጥራት ያስፈልጋል። የተጠረጠረው ሚስማር ይነቀላል፤ መግል ካለ መውጫ ይከፈትለታል። እመቤቲቱ በቤቷ ያለውን ለብ ያለ ውሃ ከጨው ጋር አዘጋጅታ እግሩን በቀን ሁለት ጊዜ ማስነከር፣ ቀጥሎም በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልሎ በደረቅ ስፍራ ማቆም መግሉን ለማውጣት ይረዳል። ፋንድያና ጭቃ በሞላበት በረት የቆመ ፈረስ ግን ቢታከምም ቶሎ አይድንም።

ከሁሉ የሚያስፈራው መንጋጋ ቆልፍ የተባለው በሽታ ነው። የበሽታው ተሐዋስያን በአፈርና በፈረስ ፋንድያ ውስጥ ይኖራሉ፤ አየር በማይገባበት ጥልቅ ቍስል ውስጥም ይራባሉ፤ የሚስማር ቀዳዳ ደግሞ ለዚህ እጅግ ይመቻቸዋል። ከእንስሳት ሁሉ በዚህ በሽታ በቀላሉ ከሚጠቁት አንዱ ፈረስ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ እስከ ሦስት ሳምንት ቆይቶ፣ አካሉ ይገተራል፣ ጅራቱ ይቆማል፣ የዐይኑ ውስጠኛ ቆብ ዐይኑን ይሸፍናል፣ መንጋጋው መኖ ለማኘክ እንኳ አይከፈትም። ከዚህ የደረሰ ፈረስ የሚተርፈው በጭንቅ ነው። መከላከያ ክትባት ግን አለው፤ ስለዚህ ሚስማር የወጋውን ፈረስ በዚያው ቀን ለሐኪም ማሳየት፣ ይልቁንም ሳይወጋ አስቀድሞ ማስከተብ የብልኅ ሥራ ነው።

ባለ ጋሪ የሆኑ አንባቢዎቻችን «አንድ ቀን ካልሠራን ልጆቻችን ምን ይበላሉ?» ማለታቸውን እናውቃለን፤ ጥያቄውም ትክክለኛ ነው። ነገር ግን ሒሳቡን አብረን እንቍጠር። የሁለት ቀን ዕረፍት የሁለት ቀን ገቢ ያስቀራል። መግል የቋጠረ ሰኮና ግን ሳምንት፣ አንዳንድ ጊዜም ከዚያ የሚበልጥ ጊዜ ያስቆማል፤ እያነከሰ የተሠራበት እግር ደግሞ ለዘወትር ሊበላሽ ይችላል። በከተሞቻችን ዳር መንገድ ላይ ተጥሎ፣ የሚያበላው አጥቶ በሦስት እግሩ የሚቆመውን ፈረስ ያላየ ሰው ጥቂት ነው። ያም ፈረስ በጊዜው ቤት ያኖረ ነበር። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላል፤ የፈሰሰ እህል ይለቀማል፤ የጠፋ እግር ግን አይለቀምም።

ስለዚህ ቤተ ሰቡ ከሳምንቱ ገቢ ጥቂት ጥቂት ለጫማ ወጪና ለዕረፍቱ ቀን አስቀድሞ ቢያስቀምጥ፣ የሚመታበትንም ቀን ሥራ በሚቀንስበት ዕለት ቢያደርግ፣ ዕረፍቱ ሸክም አይሆንበትም። ቀኑንም በግድግዳ ላይ በከሰል ቢሆን ጽፎ ስምንት ሳምንት ሳያሳልፍ ማሠራት ነው። ፈረስ ሕመሙን በአፉ አይናገርም፤ በአረማመዱ ግን ይናገራል። የሚያየው ዐይንና የሚዳስሰው እጅ ካገኘ፣ ለብዙ ዓመት ጌታውን ያገለግላል።