«አይነካም» የተባለው ገበጣ

ባለፈው ዓመት የባህል ቀናችን ላይ የነበረ ሁሉ እንደሚያስታውሰው አዳራሹ ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር። የባህል ቡድናችን እስክስታውንም ረገዳውንም አንድ በአንድ አሳየን፤ እኛም አጨበጨብን። ከዚያ ምሳችንን በልተን ተበተንን። በቃ፣ ይኸው ነው።

በበኩሌ ከዚያ ቀን የማልረሳው ግን መድረኩን አይደለም። በአዳራሹ መግቢያ ላይ፣ ከሞሰቡና ከአገልግሉ መካከል፣ አንድ የእንጨት ገበጣ ተቀምጦ ነበር። በላዩ «አይነካም» የሚል ወረቀት ተለጥፎበታል። ከቀኑ 11 ሰዓት ግድም ዕቃ ስናነሳ፣ በዕድሜ የገፉ አንድ የጥበቃ ሠራተኛ መጡና ወረቀቱን ቀስ ብለው አነሱት። ለቡና ሥነ ሥርዓቱ ከቀረበው ጥሬ ቡና ዘግነው ጉድጓዶቹን ሞሉና «ማነው የሚገጥመኝ?» አሉ።

አንድ የሒሳብ መምህራችን ለቀልድ ብለው ተቀመጡ። ተሸነፉ። ደግመው ተቀመጡ፤ ደግመው ተሸነፉ። «መምህር፣ ቡናውን አይዩት፤ መጨረሻው የት እንደሚያርፍ ነው የሚያዩት» አሏቸው ሽማግሌው። እስኪመሽ ድረስ ከበን ስንመክር፣ ስንከራከር፣ ስንጮህ ቆየን። ጧት በንግግሩ ሰዓት ሲያንቀላፋ ያየሁት የዶርም ጓደኛዬ እንኳ «ኧረ በዚህ በኩል! በዚህ በኩል!» እያለ ጉሮሮው እስኪዘጋ ጮኸ። እንግዲህ የባህል ቀኑ የተጀመረው ያን ጊዜ ነበር ብል ማጋነን አይሆንብኝም።

ነገሩን ሳስበው፣ የቆዩት በዓሎቻችን ቁጭ ብሎ የሚያይ ሰው ብዙም አይፈልጉም። በቡሄ ልጆቹ ደጅ ላይ ሲጨፍሩ የቤቱ ባለቤት ዝም ብሎ ማየት አይችልም፤ ሙልሙሉን ይዞ መውጣት አለበት። በገና ጨዋታ ጌታም ቢመታ አይቆጣም ይባል ነበር፤ ለዚያች ቀን ሹሙም ሎሌውም ከሩሯ ኋላ ይሮጣሉ። እንቆቅልሽማ ያለ ሁለት ሰው አይጀመርም። «እንቆቅልህ» ያለ ሰው «ምን አውቅልህ» የሚለው ካጣ አፉን ይዞ ይቀመጣል። መልሱ የጠፋበት አገር ይሰጣል፤ ጠያቂው አገሩን ተቀብሎ ይኩራራበታል። እንካ ስላንትያም እንደዚሁ «በምንትያ» የሚል ተቀባይ ከሌለ የለም። እኛ ታዲያ ይህን ሁሉ መድረክ ላይ አውጥተን፣ ሁለት ልጆች በቃላቸው አጥንተው ማይክሮፎን ይዘው እንዲሉት አደረግን። ሌላው ሰው ምን ይሥራ? ያጨብጭብ!

የዘንድሮው ረቂቅ መርሐ ግብር ከዚሁ ጋዜጣ ጎን ተለጥፏል፤ አንብቡት። ንግግር፣ ውዝዋዜ፣ የአልባሳት ትርዒት፣ ከዚያ «አሳታፊ ጥያቄና መልስ ከሽልማት ጋር»። ይቅርታ ይደረግልኝና ይህ ጨዋታ ሳይሆን ፈተና ነው። አንድ የሚያውቅ ተማሪ እጁን ያወጣል፣ እስክሪብቶ ይሸለማል፤ የማያውቀው ሰው አለማወቁ በሰው ፊት ይታወቅበታል። በገበጣ ግን የማያውቅ ሰው ሦስት ጊዜ ተሸንፎ አራተኛው ላይ ያውቃል። እየሳቀ ነው የሚማረው።

ስለዚህ ኮሚቴውን የምለምነው ይህን ነው። ከአዳራሹ እንውጣ፤ ሜዳው ሰፊ ነው። ገበጣ የሚገዛ ገንዘብ ከሌለ መሬት ቆፍረን በጠጠር እንጫወት፤ እረኛ ሁሉ እንደዚያ አይደል የሚጫወተው? አጨዋወቱም አንድ ዓይነት ብቻ አይደለም። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት በኢትዮጵያና በአካባቢው ያሉ እጅግ ብዙ የአጨዋወት ዓይነቶችን መዝግበዋል፤ በሁለት ረድፍ፣ በሦስት ረድፍ፣ በአራትም ረድፍ የሚጫወቱ አሉ። እኛም ከየአቅጣጫው የመጣን ነን፤ እያንዳንዱ የአገሩን ደንብ ይዞ ይቀመጥና ለማያውቀው ያስረዳ። እንቆቅልሹም በአማርኛ ብቻ አይሁን። ኦሮምኛው ሂቦ፣ ትግርኛው ሕንቅልሕንቅሊተይ አለው። ቋንቋውን የማይችል ሰው አጠገቡ ያለውን «ምን አለ? ምን አለ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ከአንድ ሰዓት ንግግር ይልቅ እሱ ያቀራርባል።

«ግቢው ይረበሻል፣ የመምህራን ክብር ይነካል» የሚሉ አሉ። የሒሳቡ መምህር ሁለት ጊዜ ከተሸነፉ በኋላ ክፍላቸው ውስጥ የሚጠይቅ ተማሪ በዛ እንጂ ክብራቸው ሲቀንስ አላየሁም። እንካ ስላንትያ ላይ ግን ስጋታቸው እውነት አለው። ስድብ ያለበት ጨዋታ ነው፤ በመልክና በትውልድ አገር የገባ እንደሆነ ጨዋታው ጠብ ይሆናል። ደንቡ አስቀድሞ ይነገር፦ ሰው አይነካ፣ ዕቃ ይሰደብ። የካፌው ሽሮ አለ፣ የዶርሙ አልጋ አለ፤ ለሁለቱም ብዙ የሚባል አናጣም!

አንድ ነገር ልጨምር። ከጥቂት ወራት በኋላ ብዙዎቻችን አንደኛ ክፍል ፊት እንቆማለን። በቅርቡ ክፍላችን ውስጥ «ገበጣ የሚችል እጁን ያውጣ» ብዬ ነበር፤ የወጡት እጆች በአንድ እጅ ጣት የሚቆጠሩ ናቸው። የጥበቃው ሽማግሌ ደግሞ በዚህ ዓመት ጡረታ ይወጣሉ። «ከሄድኩ በኋላ ጥሩኝ፣ እመጣለሁ» ብለውኛል፤ ኮሚቴው ይስማ።

እስከዚያው እንቆቅልህ! እንቆቅልሽም! ዝም ብሎ ይውላል፣ ሲመቱት አገር ይሰበስባል። ያወቀ ከዚህ ወረቀት ግርጌ ይጻፍ። ያላወቀ አገር ይስጠኝ፤ ብቻ የካፌውን ሰልፍ እንዳትሰጡኝ።