የዘር ሩዝና የፊደል ገበታ

ፎገራ ላይ ስለ ሩዝ ሲነሳ ከትራክተሩ በፊት የሚወራው ስለ ዘሩ ነው። በ1970ዎቹ ከሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች ጋር የመጣው ኤክስ ጅግና የተባለው የሩዝ ዝርያ ያመርቱት የነበሩት የገበሬ አምራች ማኅበራት ሲፈርሱ አብሮ ያልጠፋው ገበሬው ከየጎተራው ዘር እየለየ ስላስቀረው ነው። የቤተሰብ ማተሚያ ቤትም ከአባት ወደ ልጅ የሚሻገረው እንዲሁ ይመስለኛል። ማሽን ያረጃል፤ በየዓመቱ የሚፈለግ አንድ ነገር ይዞ የተነሳ ቤት ግን ማሽኑን እየለወጠ ይኖራል።

ለዚህ ከተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ የተሻለ ምስክር አላገኘሁም። ፊደልን በእጅ ጽፎ ከማባዛት ተነስተው በስማቸው የሚጠራውን ማተሚያ ቤት አዲስ አበባ ላይ አቆሙ። ዳዊቱንም፣ የአንድምታ ትርጓሜውንም አሳትመዋል፤ ስማቸውን ገጠር ድረስ ያደረሰው ግን የፊደል ገበታው ነው። 33ቱ ፊደላት በሰባት ቤት ተደርድረው 231 ይሆናሉ፤ ከዚያ አበገደው፣ ከዚያ መልእክተ ዮሐንስ። ልጁ ገበታውን ካርቶን ላይ ለጥፎ በስንደዶ ጫፍ እየነካ «ሀ ግዕዝ፣ ሁ ካዕብ» ይላል። ከፎገራዋ ከተማ ከወረታ ወደ ደብረ ታቦር ታጥፎ ጋይንት የሚዘልቀው መንገድ የሚያደርሰው የድጓ ማስመስከሪያው ቤተ ልሔም እንኳ ተማሪውን የሚቀበለው ይህን ካለፈ በኋላ ነው።

«ይህንስ መንግሥት ማተም ያቅተው ነበር?» የሚል ይኖራል። አያቅተውም፤ ተፈሪ መኮንን በ1914 ዓ.ም. ያቋቋሙት ብርሃንና ሰላም ነበረ። ትልቅ ማተሚያ ቤት ግን የሚቆመው በጋዜጣና በትልልቅ ትእዛዝ ነው፤ በሳንቲም የሚሸጥ ወረቀት የሚያጓጓው እንጀራው የሆነበትን ሰው ነው። የቤተሰብ ሥራ አዲስ ነገር አይወድም የሚለው ወቀሳ ይበልጥ ያሳምነኛል፤ ገጹ ለዘመናት ሳይታደስ የሚኖርበት ጊዜ አለ። ገበታው ላይ ግን ይኸው እልህ ጠቅሟል፤ አያት ለልጅ ልጁ «ጰ የት አለች?» ሲለው ሁለቱም ጣታቸው የሚያርፈው አንድ ቦታ ነው። ስልክ ፊደል ያስተምራል መባሉም እውነት ነው፤ ባትሪው እስካለ ድረስ።

እንግዲህ ወረታ ላይ ከልጆቹ ጋር ማተሚያ ቤት ልክፈት የሚል ሰው የማሽን ዋጋ ከመጠየቁ በፊት ምን እንደሚያትም ይወቅ። የሠርግ ካርድና ባነር ማንም ያትማል። የከተማዋ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል ስለ ዘርና ስለ አረም የሚያውቀው በአንድ ቅጠል ወረቀት፣ በጉልህ ፊደል ቢታተም ግን ገበሬው በየክረምቱ ከግድግዳው ላይ ያየዋል፤ ሲያረጅም ለመተካት ገበያ ይወጣል።